የታሸገው ፖስታ

ሰው የሚያውቀኝ በፎርም ነው። ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ ባለው ሀበሻ ዘንድ «ፎርም ከሆነ እሱ ጋ ሂዱ» ይባል ነበር። የዲቪ ፎርም፣ የዜግነት ፎርም፣ የትምህርት ቤት፣ የኢንሹራንስ፣ ሁሉንም ቤድፎርድ በነበረው አፓርታማችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሞልቻለሁ። ስሞላ ደግሞ ዳኛ ነው የምመስለው። ባለጉዳዩን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መነጽሬን አደርግና «ሙሉ ስም?» እላለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን መጠየቁን ትቼ ከራሴ እሞላለሁ። ሰው ሲመልስ ያንዛዛል። «በሽታ አለብህ ወይ?» ብትሉት ከአያቱ ቁርጥማት ይጀምርላችኋል። እኔ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ባለቤቴ ሻይ እያስቀመጠች «ኧረ ሰውየው ገና አልመለሰም» ትለኝ ነበር። «መልሱን አውቀዋለሁ» እላታለሁ። ትስቃለች። ባለጉዳዩም ይስቃል።

በፎርም እንዲህ የሠለጠንኩት በራሴ ጉዳይ ነው። ዕጣ ደርሶኝ ወደ ቴክሳስ ስመጣ ያላገባሁ ነበርኩ። በዓመቱ ተመልሼ አገባኋት፤ አንድ ወር ተኩል አብረን ቆየንና ጥያት መጣሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ትዳራችን በወረቀት ነበር። ሴት ልጃችን የተወለደችው እኔ በሌለሁበት ነው፤ መጀመሪያ ያወቅኳት በፎቶ ነው። ቀን ኤርፖርቱ ውስጥ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ፣ ቤት ስገባ ፎርም እሞላለሁ። በዚያ መሀል አንዲት ሴት ነበረች። ጥቂት ወራት ነው። ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ማመካኘት እችላለሁ፤ ግን ሚስቴም ብቻዋን ነበረች፣ ያውም ሕፃን ታቅፋ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የመግቢያቸው ቀን ሲቃረብ ሚስቴን በስልክ ያሰለጠንኳት እንደ ምልምል ወታደር ነበር። አዲስ አበባ ኤምባሲው በላካት ክሊኒክ ደም ሰጥታ፣ ኤክስሬይ ተነስታ፣ ክትባቷን ወስዳ ጨርሳለች። ውጤቱ ከሌላው ወረቀት ጋር በቡናማ ፖስታ ታሽጎ ተሰጣት። «እንዳትከፍቺው!» አልኳት። «ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ለሰው እንዳታስይዢ። ኢሚግሬሽኑ መስኮት ጋ ስትደርሺ በእጅሽ ነው የምትሰጫቸው። ተከፍቶ ካዩት ከበር ይመልሱሻል።» በደወልኩ ቁጥር ይህንኑ ነው የምደጋግመው። በደረሱ ቀን ተርሚናሉ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ልጅቷን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ብቅ አለች። ፊቷ በድካም ጠውልጓል። ገና ሳልስማት፣ ገና እንዴት ነሽ ሳልላት «አልከፈትኩትም» አለችኝ። ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። ሰርግ ላይና ልደት ላይ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ መሰላችሁ። ሰው በሳቅ ይፈነዳል፣ እሷ ክንዴን ትመታኛለች።

ፖስታው ውስጥ ምን እንደነበረ እሷም እኔም አላየንም። ስላላየነው ይመስለኛል ሁሉ ነገር ያለበት የመሰለን። ያኔ በእኛ ዘንድ የነበረው እምነት ይህ ነው፦ አሜሪካ በሽተኛ አታስገባም፣ ካስገባችሽ ጤነኛ ነሽ። ሐኪም ጋ ሂጂ ሲሏት «ስመጣ ተመርምሬያለሁ» የማትል ሴት አላጋጠመችኝም፤ ወንዶቹም ያው ነን። ወንዱ ልጃችን እዚሁ ከተወለደ በኋላ ሐኪሞቿ በየጊዜው እየመጣሽ ታዪ ብለዋት ነበር። የማስታወሻ ደብዳቤም ቤት ድረስ መጥቷል። አንብቤላታለሁ። አንብቤ ምን አልኳት? «ይሄ ለሁሉም የሚልኩት ነው። አንቺ ስትመጪ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር ተመርምረሻል።» ደብዳቤውን አጥፌ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ጣልኩት። እሷ የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኪችን ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሠራለች፤ ሁለት ልጅ አለ። ሐኪም ጋ መሄድ ቀረልኝ ብላ ደስ ሳይላት አልቀረም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት፣ በነሐሴ ሙቀት፣ ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ልትገባ ስለሆነ ክትባቷን ለማሟላት ቤድፎርድ ውስጥ ወዳለ የልጆች ክሊኒክ ሄድን። አራታችንም። ወንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የዓሣውን ገንዳ አይቶ ከዚያ አልነቀል አለ። ነርሷ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የተለመዱትን ክትባቶች ከጨረሰች በኋላ ሌላ ወረቀት አወጣች። አዲስ ክትባት ነው፣ ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ይከላከላል፣ ቫይረሱ ከዓመታት በኋላ የማህፀን በር ካንሰር ያመጣል፣ ከወንድ ጋር ከመተዋወቃቸው በፊት ሲወስዱት ነው የሚጠቅመው አለችኝ። በዚያ ዓመት ቴክሳስ ውስጥ ይህ መርፌ ለተማሪ ሴቶች ግዴታ ይሁን አይሁን እየተባለ በቴሌቪዥን ይጨቃጨቁ ነበር። እኔ ደግሞ ቴሌቪዥን የተጨቃጨቀበት ነገር ሁሉ ላይ አስተያየት አለኝ።

ደሜ ፈላ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ነው፤ ይህች ሴትዮ ስለምን እንደምታወራኝ አስቡት።

«ምን እያለች ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«አዲስ መርፌ ነው። አያስፈልጋትም።»

«ለምንድን ነው መርፌው?»

በልጅቷ ፊት ምን ልበላት? «ለትልልቆች ነው» አልኳት። ለነርሷ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። አላስከትብም የሚለውን ወረቀት ሰጠችኝ፤ በፎርም ማን ይቀድመኛል፣ ሳልጨርሰው ፈረምኩ።

ነርሷ ወረቀቱን ስትቀበለኝ ወደ ባለቤቴ ተመለከተች። «እናቷስ? ፓፕ ቴስት በየጊዜው ታደርጋለች?» አለች። ፓፕ ቴስት ያ ካንሰር ገና ሳይጀምር አስቀድሞ የሚታይበት የማህፀን በር ምርመራ ነው። ባለቤቴ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበረች። ከወንበሯ ከፍ ስትል አይቻለሁ። ልትነሳ፣ ልትሄድ መስሎኝ ነበር።

«ተመርምራለች» አልኩ እኔ። «ወደዚህ አገር ስትመጣ ሙሉ ምርመራ ነው የተደረገላት። ሁሉም ነገር ታይቷል።»

ነርሷ መቼ እንደመጣች ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሱ ሌላ ምርመራ ይመስለኛል፣ ብታየው ጥሩ ነው ምናምን አለች። «ኦኬ፣ ኦኬ» አልኳት፤ ሥራ ልገባ ነው፣ ሰዓቴን እያየሁ ነው።

«ምን ጠየቀችህ?» አለችኝ ባለቤቴ እጅጌዬን ይዛ።

«ስላንቺ ጤና ነው። ደህና ናት አልኳት።»

እጅጌዬን ለቀቀችው። መኪና ውስጥ አልተናገረችም፤ እኔ ግን ስለዚህ አገር ሰው እፍረት ማጣት እስከ ቤት ድረስ አወራሁ።

በስድስተኛው ወር፣ የካቲት ላይ፣ ሥራ ቦታ ወደቀች። ትሪ የሚገፋበት ጋሪ ይዛ ሳለ ነው። ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ስደርስ ደም እየሰጧት ነበር። ብዙ ደም ፈስሷታል፣ ለረጅም ጊዜ ስትደማ የኖረች ናት አሉኝ። እኔ ምኑንም አላውቅም። እቤቴ ውስጥ፣ አጠገቤ ተኝታ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «የሴት ነገር ነው ብዬ ነው» አለች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ውጤቱ የሚነገረን ቀን ሐኪሟ ገባች፤ ወጣት ሴት ናት። አስተርጓሚ በስልክ እንደሚያቀርቡ ነገረችን። «አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩ። ሐኪሟ ግን እኔን ትታ ባለቤቴን በእጇ ምልክት ጠየቀቻት፤ ስልኩን ወይስ ባልሽን? ባለቤቴ ስልኩን አመለከተች።

«ምን ሆንሽ? እኔ አለሁ እኮ!» አልኳት።

«በስልኩ ይሁን» አለች። ቁጣ የለበትም። ያን ያህል ዓመት ስንኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እኔን ትታ ሌላ ስትመርጥ።

ስልኩ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የማላውቃት ሴት፣ የት አገር እንዳለች የማላውቃት ሴት፣ በጥሩ አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ዶክተሯ የምትለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ» አለች። እንዳለችውም አደረገች። የማህፀን በር ካንሰር ነው። ከማህፀን አልፎ ሄዷል። ቀዶ ሕክምና አይደረግም፤ ጨረርና መድኃኒት ይሞከራል። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፣ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። እኔ ብሆን ይህን የመጨረሻውን ዘልዬው ነበር። ወለሉን አየሁ።

ባለቤቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እባክሽ እህቴ፣ እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ። ከአንድ ወንድ በቀር የማታውቅ ሴትንስ ይይዛታል ወይ?»

አስተርጓሚዋ ጠየቀችላት። ሐኪሟ እኔን ላለማየት እየተጠነቀቀች መለሰች። አዎ፣ ይይዛታል። ወንድየው ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ መያዙን እንኳን ሳያውቅ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከጋብቻ በፊት ይሁን በኋላ፣ መቼ እንደመጣ ማንም ማወቅ አይችልም። እጅግ ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም፣ ማንንም አይውቀሱ።

«አመሰግናለሁ» አለች ባለቤቴ። ለሐኪሟም፣ ለስልኩም አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ሐኪሟ ስትወጣልን መናገር ጀመርኩ። «ስሚኝ፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት…» አልኩ።

«ተው» አለችኝ። «አልጠየቅኩህም።»

እስክትሞት ድረስ አልጠየቀችኝም። በቁጣ ብትጠይቀኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ስልኩን ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሟን አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁሜ «በነሐሴ ብናመጣት ኖሮስ?» አልኳት። በትክክል መናገር አልችልም፣ ይህን ጥያቄ ለራስህ ባታነሳው ይሻላል አለችኝ። ደግ ሴት ናት። መልሱን ብታውቀውም የምትነግረኝ አይመስለኝም።

ለሰው «ሆዷን ነው ያመማት» እያልኩ ነበር የምመልሰው። ለልጆቹም ሆድ ነው ያልኩት። የማህፀን ካልኩ «ከምን መጣ?» ይባላል፤ ከምን እንደመጣ ከተባለ ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። እሷም ዝም አለችልኝ። ጠያቂ ሲመጣ «ሆዴን» ትላለች፣ ለእኔ ብላ። ያን ስትል ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር፤ ተነስቼ ውሃ ላምጣ እላለሁ።

ጨረሩ ለጥቂት ወራት ረዳት፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልረዳትም። በመጨረሻው ገና ሰሞን፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን፣ እጄን ያዘችኝ። እጇ ከወረቀት ቀልሏል።

«ያን መርፌ አስወጋልኝ» አለች።

የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኩም። «ነገ እወስዳታለሁ» አልኩ።

«ወንዱንም።»

«ለወንድ አይደለም እኮ። ለሴት ነው።»

«ወንዱንም» አለች ደግማ። «የሰው ልጅ እንዳይገድል።»

ያንን ስትል ረጋ ብላ ነው። ልጇን ነው የምታስበው፤ የአንዲት ሌላ እናት ልጅ ደግሞ ወደፊት አለች። እኔን ለመውጋት ብላ የተናገረችው አይመስለኝም። ቢሆንም ባይሆንም ወጋኝ፤ እስካሁን አልወጣልኝም። «እሺ» አልኳት። ጥር ሳይጋመስ ሞተች።

የሐዘኑ ሰሞን አፓርታማው ለሰው አልበቃ ብሎ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰን። ኪችን አብራት ትሠራ የነበረች ሴት ደረቷን እየመታች «ምን ነበር ይሄ ጠላት? ምን ነበር?» አለች። «ሆዷን ነው» አልኩ። ልጄ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ቀና ብላ አየችኝ፣ ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። የሆስፒታሉን ወረቀት ሁሉ ማንበብ የምትችል ልጅ መሆኗን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እኔ ስለ ሌላው ሰው ፎርም ስሞላ፣ እሷ የእናቷን ወረቀት አንድ በአንድ አንብባ ጨርሳለች።

ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች «እኛስ ይመስገነው፣ ስንመጣ ተመርምረናል» አለች። ከአጠገቧ የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ከውስጤ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ብድግ አልኩ። ወንዶቹ ሊያረጋጉኝ ተነሱ። «ሆዷን አይደለም» አልኩ። «የማህፀን በር ካንሰር ነው። ያ ፖስታ ይሄን አያይም። ስትመጡ አልታያችሁም! አንዳችሁም አልታያችሁም! ሂዱና ታዩ!» እየጮህኩ ነበር። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ተው፣ ሐዘን ነው፣ ልጆች ይሰማሉ» አሉኝ። ይስሙ! ቀድሜ መጮህ የነበረብኝን ነው የጮህኩት። በማግስቱ ሰው ቢሸሸኝም ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ የሸሸኝ ግን የለም። ሁለት ሴቶች በኋላ በስልክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ምርመራ ምን ይባላል ብለው ጠየቁኝ።

ሚያዝያ ላይ ሁለቱን ልጆች ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ያችው ነርስ ነበረች። ባለቤቴ የት እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ ከምን እንደሞተችም ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። የልጅቷን የመጀመሪያ መርፌ ሰጠችልኝ። መርፌው ሦስት ጊዜ ነው፣ በስድስት ወር ውስጥ። «እሱንም» አልኩ ወንዱን እያመለከትኩ። አልተፈቀደም አለች፤ ለወንድ ገና አልተፈቀደም። ዶክተሩን ጥሪልኝ አልኩ። ዶክተሩም ያንኑ አለ። በልመና ጀምሬ በጩኸት ጨረስኩ፤ ልጄ «ዳዲ፣ ስቶፕ፣ ሰው እያየን ነው» እያለች እጄን ጎተተችኝ። በመጨረሻ ነርሷ ለብቻዬ ጠርታኝ ለወንዶችም ይፈቀዳል እየተባለ ነው፣ ሲፈቀድ ራሴ እደውልልሃለሁ አለችኝ። አላመንኳትም። በየወሩ እየደወልኩ አሰለቸኋቸው።

በመከር መጨረሻ ደወለች። ለወንድ ተፈቅዷል፣ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ። የእኔ ልጅ ዘጠኝ ሞልቶታል። የእህቱ ሦስተኛ መርፌም ደርሶ ስለነበር አንድ ቀን አደረግንላቸው። የምስጋና በዓል ሊገባ ሲል ነው፤ ግድግዳው ላይ ሕፃናት የሠሯቸው የወረቀት ተርኪ ዶሮዎች ተለጥፈዋል።

«እኔ ለምንድን ነው የምወጋው?» አለ ወንዱ።

«ማሚ ስላለች» አልኩት።

ክንዱን ራሱ ገልጦ ሰጣት። ሲወጋ አላለቀሰም፤ ለነገሩ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እህቱም ተወጋች። ነርሷ አንዳንድ ልጆች ስለሚያዞራቸው አሥራ አምስት ደቂቃ እዚሁ ቁጭ በሉ ብላን ወጣች።

ያው ክፍል ነበር። ያው ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ። ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጌሙን ከፈተ። ልጅቷ አልጋው ላይ ሆና ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በጣቷ እየነካካች ነበር። እኔ ባለቤቴ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ነኝ።

«ዳዲ» አለች። «እዚህ ሩም የመጣን ቀን ትዝ ይልሃል? ከማሚ ጋር?»

«የቱን ቀን?» አልኩ፤ የቱን እንደሆነ እያወቅኩ።

«ዌይቲንግ ሩም ቁጭ ብለን፣ አንተ ፎርም እየሞላህ፣ ማሚ ደም መፍሰስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል አለችኝ። ነገርኳት። ሶ፣ ፕራክቲስ አደረገች። ማለቴ፣ ብዙ ጊዜ። ቀስ ብላ፣ እንዳይሰማ። ‹ብሊዲንግ፣ ብሊዲንግ።› እኔ ኮሬክት አደረግኳት። ለምንድን ነው ስላት፣ ነርሷን አንድ ነገር ልጠይቃት ነው፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪው አለችኝ።»

«ከዛ ነርሷ ስለ ማሚ ጠየቀች» አለች። «ማሚ ሬዲ ነበረች፣ ዳዲ። እያየኋት ነበር። ልትነሳ ስትል፣ አንተ አንሰር አደረግህ። ለምን እሷን አልጠየቅካትም?»

ልትሄድ መስሎኝ ነበር ልላት አሰብኩ። ሥራ ሊረፍድብኝ ነበር ልላት አሰብኩ። ሚስቴ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በዓሣው ገንዳ አጠገብ ተቀምጣ ስትለማመድ ታየችኝ፤ እኔ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ስለ ልጄ ጤና «የለም፣ የለም፣ የለም» ላይ ምልክት እያደረግኩ። እንዳትከፍቺ ብዬ ያሰለጠንኳት እኔው ነኝ። ልጄም ይህን ያህል ጊዜ ሳትከፍተው ይዛዋለች፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ የተሰጣትን የእናቷን ምስጢር።

«አላውቅም» አልኳት። «መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንቺ አይደለም፣ ሰማሽ? አንቺ ቃሉን አስተምረሻታል። እኔ ነኝ ያላስጨረስኳት።»

አለቀሰች። ጉያዬ ውስጥ አልገባችም፤ አልጋው ላይ እንዳለች ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ነው ያለቀሰችው። ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ፣ ከዚያ በላይ መቅረብ አልደፈርኩም። ወንድሟ ጌሙን አስቀምጦ መጣና እግሯን አቀፈ።

በሩ ተንኳኳና ነርሷ ገባች። የልጅቷን ዓይን አየች፣ ከዚያ እንደ ወጉ ወደ እኔ ዞረች። «ደህና ናት? ያዞራታል? ያማታል?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እሷን ጠይቂያት» አልኩ።

ነርሷ ወደ ልጄ ዞረች፤ ልጄ እንባዋን ጠርጋ ራሷ መመለስ ጀመረች። ዝም ማለት ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።